ሩቅያው ይቀጥል፣ ኬሞውም አይቋረጥ



ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ አንዳንድ ወንድሞቻችን ቅር ይላቸው ይሆናል። ሰው ቅር እንዳይለው ብለን ዝም ያልንበት ጊዜ ግን ነፍስ አስከፍሎናልና ዛሬ እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት ለሕክምና ጎንደር ወረዱ። ጡታቸው ላይ እብጠት ካዩ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለባላቸው እንኳ የነገሩት ዘግይተው ነው። ምርመራው ካንሰር ነው አለ፤ ኬሞ ተጀመረላቸው። ልጃቸው ዘመድ ቤት አሳርፏቸው በየሦስት ሳምንቱ ወስዶ ይመልሳቸው ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ፀጉራቸው ረገፈ፣ አፋቸው ቆሰለ፣ ወጥ ሲሸታቸው ያጥወለውላቸው ጀመር። በዚህ መሃል በሩቅያ ስሙ የተጠራ አንድ ሰው ዘንድ ተወሰዱ። ቁርኣን ቀራባቸው። አለቀሱ፣ ተንቀጠቀጡ። እሱም «ይኼ ዐይን ነው፤ የሆስፒታሉ መርዝ ቁርኣኑ እንዳይሠራ እየከለከለ ነው፤ አርባ ቀን ከመርፌው ራቁ» አላቸው። ማርና ጥቁር አዝሙድ የተቀላቀለበት ጠርሙስም ሸጠላቸው።

በዚያው አርባ ቀን ውስጥ በአንዱ ጁሙዓ እኛ ዘንድ መጡ። ፋቲሓ ቀራንላቸው፣ ዱዓ አደረግን፣ ጀማዓው አሚን አለ። እጃችንን ይዘው «አላህ ይጨምርላችሁ ልጆቼ፣ ቀለል ብሎኛል» አሉን። ደስ አለን። ከመካከላችን አንድም ሰው «እናቴ፣ የሆስፒታል ቀጠሮዎ መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ወደ ሆስፒታል የተመለሱት በአራተኛው ወር ነው፤ ቁስሉ ፈንድቶ፣ በሽታው ሳንባ ደርሶ። ጀናዛቸው ላይ የሰገድነውም እኛው ነን።

መድኃኒቱን ባያቋርጡ ኖሮ በእርግጥ ይድኑ ነበር አንልም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሌላውን ከድልድይ ገፍትሮ ሲያበቃ «አጀሉ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? ቀደር ለታመመ ሰው መጽናኛ ነው፤ ላጠፋ ሰው መሸሸጊያ አይሆንም።

አሁን ወደ ዲኑ እንምጣ። «ቁርኣን እያለ ሐኪም ምን ይሠራል?» ለሚሉ አንድ ጥያቄ አለን። ከሶሓባዎች መካከል በቂርኣት ዑበይ ኢብኑ ከዕብን የሚያክል ማን ነበር? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣን ውሰዱባቸው ካሏቸው አራት ሰዎች አንዱ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡን ለተራዊሕ ከአንድ ኢማም ኋላ ሲሰበስቡ ያቆሙት እሱን ነው። ታዲያ ይህ ሰው ሲታመም ነቢዩ ምን አደረጉ? ሐኪም ላኩለት። ሐኪሙም ከደም ሥሩ አንዱን ቆረጠ፣ ከዚያም ተኮሰው። ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። መላውን ቁርኣን በልቡ የያዘ ሰው፣ ጎረቤቱ ራሳቸው ረሱል ሆነው ሳለ፣ ምላጭና የጋለ ብረት የያዘ ሐኪም ተላከለት! ከዑበይ ይበልጥ ቁርኣን የሚሠራለት ሰው ዛሬ ጎንደር ውስጥ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረን።

ሌላም እንጨምር። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን የቁስለኛውን ታሪክ በመድረሳ ያልሰማ የለም። በጉዞ ላይ ሳለ ራሱ የተፈነከተ ሰው ነው። ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ ሩኽሳ የለህም አሉት። ታጠበ፣ ሞተ። ነቢዩ ወሬው ሲደርሳቸው የፈረዱት በቁስሉ ላይ ወይም በውሃው ላይ አልነበረም፤ ገዳዮቹ ሳያውቁ የፈተዉት ሰዎች መሆናቸውን ተናገሩ። በሕክምና ሳይታወቅ ሰው ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ፉቀሃዎቻችን የካሳ ሕግ ያወጡት ከዚያ ነው። «አርባ ቀን ከመርፌው ራቁ» ማለት ሕክምና አይደለም ወይ? መድኃኒት ማዘዝ ሕክምና ከሆነ፣ መድኃኒት ማስቆምም ሕክምና ነው። የደም ውጤት ማንበብ ሳይችሉ መርፌ የሚያስቆሙ ወንድሞቻችን በዚህ ሐዲስ ፊት የት ነው የቆሙት?

ኬሞ ለምን በዙር እንደሚሰጥ ብናውቅ ኖሮ ዝም ባላልን ነበር። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። የካንሰር ሴል በፍጥነት ይባዛል፤ ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔም እንደዚሁ ናቸው። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው እንጂ «ጂኑ እየተቃወመ» አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ዕረፍት የሚሰጠው መቅኔው እንዲያገግም ነው። ቀጣዩ ዙር ሲቀር ግን የሚያገግመው መቅኔው ብቻ አይደለም፤ የተረፈው ካንሰርም ነው።

በአገራችን በ2020 (እ.ኤ.አ) ብቻ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደተያዙ፣ ወደ 52 ሺህ የሚጠጉ እንደሞቱ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት ያሳያል። በሴቶች የጡትና የማህጸን በር ካንሰር ይበዛሉ፤ አብዛኞቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ዛሬ ኬሞ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል፤ አልሐምዱሊላህ። የጨረር ሕክምና ግን ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ወረፋው ወራት የሚወስድ። አንድ የወገራ ወይም የጃናሞራ ገበሬ እናቱን ለማሳከም በሬ ሸጦ፣ መንገድ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ዘመድ አስቸግሮ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ከፍሎ የጀመረውን ሕክምና በአንድ ቃል የሚያስጥል ሰው ምን ያህል ነገር እንደሚያፈርስ ያውቃል?

በ2018 (እ.ኤ.አ) የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ሊድን በሚችል ደረጃ ላይ ሳሉ መደበኛውን ሕክምና ትተው ሌላ አማራጭ ብቻ የመረጡ የካንሰር ታማሚዎችን ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር አነጻጸሩ። የመጀመሪያዎቹ የመሞት ዕድል ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ። እነዚያው ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን የወሰዱትንም አዩ። ከእነሱም ብዙ ሞት ተመዘገበ፤ ምክንያቱ ሲፈተሽ ግን ከመደበኛው ሕክምና ከፊሉን እምቢ ማለታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ኬሞ አልወሰዱም ነበር። ሰውን የጎዳው ተጨማሪው ነገር ሳይሆን የተተወው ነገር ነው። የእኛም ክርክር ከዚህ አያልፍም።

እዚህ ላይ ሌላው ጎራ ደስ እንዳይለው። «ሩቅያ፣ ዚክር ኋላ ቀርነት ነው፤ ሰውየው መርፌውን ይውጋና ዝም ብሎ ይተኛ» የሚሉ የተማሩ ልጆች አሉን። እነሱም አላወቁም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከአጋሩ ጋር በ2023 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መመሪያ በሕክምና ላይ ላሉ ታማሚዎች ጭንቀትና ድብርት ልብን የመሰብሰብ ልምምድ እንዲሰጥ መክሯል፤ ሰውነትን የማፍታታት ልምምድና ዮጋም በመመሪያው ውስጥ አሉ። በአንድ ጤናማ ነገር ላይ ሐሳብን ማሳረፍ፣ በቀስታ መተንፈስ፣ የተወጠረ ጡንቻን ማላላት ማለት ነው። ካንሰሩን አያጠፋም፤ ያለው የለም። ሰውየው ሕክምናውን እስከ መጨረሻ እንዲችለው ይረዳዋል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር ራሳችን አይተናል። አንዳንድ ታማሚ መድኃኒቱ ገና ሳይነካው ያስመልሰዋል። ከደባርቅ ሲመጣ ኮሶዬን አልፎ ከተማዋ ስትቀርብ፣ ወይም የሆስፒታሉን በር ሲያይ። ሐኪሞች ያውቁታል፤ አእምሮ ቦታውንና ሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር አስሮት ነው። እንዲህ ያለውን ማቅለሽለሽ መድኃኒት ብቻውን ብዙ ጊዜ አያቆመውም፤ ማፍታታትና ሐሳብን ማሳረፍ ይረዳል። እና መኪና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጦ አብሮት ቀስ እያለ ዚክር የሚያደርግ ሰው ያለው ታማሚ፣ ብቻውን መስኮት ላይ ተደግፎ ከሚመጣው ጋር እኩል ነው?

ይህ ለዲናችን አዲስ ነገር አይደለም። ሕመም የተሰማው ሰው እጁን በሚያመው ቦታ ላይ አድርጎ በአላህ ስም ጀምሮ ሰባት ጊዜ በአላህ ጥበቃ እንዲማጸን ነቢዩ ለዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ (ረ.ዐ) አስተምረውታል። ኢብኑል ቀይም የልብና የነፍስን ሕክምና የማያውቅ ሐኪም ግማሽ ሐኪም መሆኑን ጽፈዋል። ከሳቸው በፊት አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ ከሞቱ 1 ሺህ ዓመት ያለፋቸው፣ አካልና ነፍስ እንዴት እርስ በርስ እንደሚተማመሙ ሙሉ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ታሪካችንን ረስተን ነው «ሳይንስ ነው ወይስ ዲን ነው» ብለን የምንጨቃጨቀው።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ሰማን። አንዲት ነርስ እህታችን በኬሞ ላይ ላሉ ሴቶች አተነፋፈስ ታሳያለች፤ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ። አንድ ወንድም «የሂንዱ ዒባዳ ነው፣ ሺርክ ነው» ብሎ አስጠነቀቀ። ወንድማችን፣ ትንፋሽ ሃይማኖት የለውም። ከአላህ ሌላ የሚጠራ ስም፣ የሚሰገድለት ምስል ካለበት እኛም ካንተ ቀድመን እንከለክላለን። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲ ከባልደረቦቹ ጋር በ2001 (እ.ኤ.አ) ባወጡት ጥናት በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋ ድግግሞሽ ለክተው ነበር፤ ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት አወረዱ። የሠራው ቀስ ያለው ትንፋሽ ነው። እኛ ዘንድ ሱብሓነላህ ረጋ ተብሎ ሲባል ምን ይሆናል ብለህ ታስባለህ? ቢድዓ እንዳይሆን የምትሰጋ ከሆነም ስጋትህ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ እንለይ። ዚክሩ ዒባዳ ነው፤ የትንፋሹ ቁጥር ሕክምና ነው። «ይህን ያህል መተንፈስ ሱና ነው» የሚል ሰው ካለ እሱን እንከለክላለን።

አሁን ለራቂ ወንድሞቻችን በግልጽ። ከኬሞ በኋላ፣ በተለይ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የታማሚው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ለእኛ ቀላል ጉንፋን የሆነው እሱን ሊገድለው ይችላል። በእነዚህ ቀናት ትኩሳት ከያዘው ጠዋት እስኪሆን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ታዲያ ሃያ ሰው የተነፈሰበትንና እንትፍ ያለበትን ውሃ አፉ ለቆሰለ ታማሚ ማጠጣት ምን ይባላል? ነፍስ በሱና ያለ ነው፣ አንክድም። ግን ታማሚው ለራሱ መቅራት አይችልም ወይ? ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢዩ ሲታመሙ ሙዐወዛትን በራሳቸው ላይ ይቀሩ ነበር። ለራስ መቅራት ዋጋ አያስከፍልም፣ ጀርም አያመጣም፣ ታማሚውንም ከሰው እጅ ጠባቂነት ያወጣዋል። ሒጃማውም እንዲሁ፤ ደም የሚያረጋው ሴል በወረደበት ሰው ላይ ምላጭ ማሳረፍ ደሙ እንዳይቆም፣ ቁስሉም እንዲያመረቅዝ መጋበዝ ነው። ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይነካ። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ድብልቅም ለሐኪሙ ይታይ፤ ጥቁር አዝሙድ በምግብ ላይ አንድ ነገር ነው፣ በጭልፋ ሲጠጣ ሌላ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር በጉበት ውስጥ ሊጋጭ ይችላል።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል። የሚያስል ሰው በር ላይ ሆኖ ዱዓ ያድርግ፤ አጅሩ አይቀርበትም። ከመጣችሁ ቅቤ የበዛበት ወጥ አታምጡ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ላዘነ ሰው ተልቢና እንዲሠራ ያዙ ነበር፤ የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ ሰምተዋልና። ተልቢና ከገብስ የሚሠራ ቀጭን ምግብ ነው፤ ለደገኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አጥሚቱን እናቶቻችን ያውቁታል። ለቆሰለ አፍ ለብ ያለ አጥሚት ይወርዳል። እና «እገሊት በዚሁ በሽታ ሞተች» የሚለውን ወሬ ደጅ ተዉት።

ጾሙን በሚመለከት ኬሞ ላይ ሆነው ረመዳንን ደብቀው የሚጾሙ እናቶች አሉ። ሩኽሳው በራሱ በአላህ ቃል የመጣ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ታመው ስለ ሶላት ሲጠይቁ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎን ተጋድመው እንዲሰግዱ ነው የተነገራቸው። ይህን ለታማሚ በቃል መንገር የእኛ ሥራ ነው፤ ነርሷ ልትነግራቸው አትችልም፤ ብትነግራቸውም ያለ እኛ አይሰሟትም። እብጠቷን ለሐኪም ለማሳየት የምታፍር እህት ካለችም እንደዚሁ፤ ሴት ሐኪም ከተገኘች መልካም፣ ካልተገኘች ለሕክምና ያህል መታየት መፈቀዱን ከሚንበር ላይ መስማት አለባት።

ጎረቤቶቻችን ይህን መንገድ ቀድመውን አልፈውበታል። በኤች አይ ቪ ዘመን እንጦጦ ላይ ጸበል የገቡ ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን ጥለው ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። የእምነት ልዩነታችን የታወቀ ነው። ግን አንድ የሃይማኖት አባት አፍ አውጥቶ ሲናገር ምእመኑ ይሰማል፤ ሐኪም አሥር ጊዜ ከሚናገረው ይበልጥ። የእኛስ ታላላቆች ምን ይጠብቃሉ? ሸይኾቻችን እንዲናገሩ በአደብ እንጠይቃለን፤ እስኪናገሩ ድረስ ግን እኛ ትንንሾቹ አንተኛም።

ስለዚህ በእኛ መስጂድ ከእንግዲህ ለታመመ ሰው ከመቅራታችን በፊት ሐኪም ዘንድ መሄዱን፣ መድኃኒቱንና ቀጠሮውን እንጠይቃለን። «አቁሙ ተብያለሁ» ካለ ማን እንዳለው እንጠይቃለን፣ ሰውየውንም ሄደን እናነጋግራለን። ቂርኣታችን አይቀርም፣ ዱዓችን አይቀርም። ደብተር ከፍተናል፤ ከገጠር የመጡ ታማሚዎች ቀጠሮ ይጻፍበታል፤ በአዲስ ዓለም ሰፈር ሁለት ቤተሰቦች ማረፊያ ክፍል እንሰጣለን ብለዋል፤ አላህ ይቀበላቸው። የመጀመሪያዋ ስም ተጽፋለች፤ ሦስተኛ ዙሯ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጆቿ ደጋ ናቸው፤ ከጎኗ የምትቀመጥ ሴት አጃቢ እስከ አሁን አላገኘንም። የምትችል እህት በውስጥ መስመር ትጻፍልን።